ቆሞ የዋለው ዲያቆን

የሙህሲን ሻይ ቤት ጣሪያ በመስከረም ፀሐይ ግሎ ቋ ቋ ይል ነበር። በቆቦ ከዋናው መንገድ ዳር ባለችው በዚያች ቤት ውስጥ፣ ከገበያ የተመለሰው ገበሬ፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ነጋዴ፣ ወደ ዋጃ የሚሄድ መኪና የሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ዐይኑን በሰፊው ቴሌቪዥን ላይ ተክሏል። በሩቅ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ቀድማ በምትጠልቅበት አገር፣ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና እየተካሄደ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዲያቆን ዘካሪያስ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ምሰሶውን እንኳ ሳይደገፍ፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አንተ ዲያቆን! ለዚህ ቤት ምሰሶ አንድ ይበቃዋል፤ ሁለተኛ አላስተከልንም!» አለ ከኋላ አንዱ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ዘካሪያስ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለ እንጂ አልተቀመጠም።

«ወላሂ ወንበር ሞልቷል» አለ ሙህሲን፣ የፕላስቲክ ወንበር እየጎተተለት። «ቁጭ በል እንጂ ዲያቆኔ። ሶላት ላይ ያለህ አስመሰልከው እኮ!»

«ይቆየኝ ሙህሲን። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይህን ሲል ዐይኑ በፊተኛው መደዳ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ ሄደ። አቶ አላምረው ከሮቢት የመጡት በማለዳ ነው። በሰፈራቸው መብራት ከጠፋ ሰንብቷልና፣ በሻምፒዮናው የምትወዳደረውን ልጃቸውን የሚያዩበት ቤት ፍለጋ ቆቦ ድረስ ወጡ። ዘካሪያስ ሲገባ ጎንበስ ብሎ እጅ ቢነሣቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙትን ዱላ ጨብጠው ፊታቸውን አዞሩበት። ያ ፊት ማዞር ከቀትሩ ፀሐይ ይልቅ አቃጠለው። ከእርሳቸው የሚሻው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ተቀመጥ» የምትል ቃል። ያችን ቃል ካላገኘ የአቶ አላምረውን ልጅ፣ አስካለን፣ ያጣታል።

አስካለን መጀመሪያ ያያት በሮቢት፣ አዝመራው ተሰብስቦ በነበረበት ወራት ነው። ከአንድ ፍትሐት ሲመለስ፣ በአውድማ ዳር አንዲት ቁመተ ሎጋ ልጅ የማሽላ አገዳ በሁለት ባላ ላይ አጋድማ፣ ከወዲያ የጤፍ ጭድ ከምራ፣ እየሮጠች መጥታ ጀርባዋን ለአገዳው ሰጥታ ስትዘል አገኛት። ጭዱ ውስጥ ሰጥማ ስትወጣ ዲያቆኑ መንገዱን ረስቶ ቆሞ ነበር።

«ሰው እንዴት ለሚዘለው ነገር ጀርባውን ይሰጣል?» አላት።

«ፊት ለፊት ሳየው ያስፈራኛላ» አለችው፣ ጭዱን ከጠጉሯ እያራገፈች። «ጀርባዬን ስሰጠው የማየው ሰማዩን ብቻ ነው። አንተስ ቀና ብለህ ታውቃለህ? ሁልጊዜ መሬት መሬቱን ነው የምታየው አሉ።»

ዘካሪያስ ያን ዕለት ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወዲህ ዐይኑ ወደ መሬት መመለስ ተሳነው።

ልጅቱ በዝላይዋ ተመርጣ አዲስ አበባ ገባች፤ ብሔራዊ ቡድን ደረሰች። ፍቅራቸው በስልክ ድምፅ እየኖረ ሰነበተ። የቸገረው የዘካሪያስ አባት ነገር ነበር። መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ከላስታ ወርደው በቆቦ ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሊቅ ናቸው፤ ልጃቸው በቶሎ ቅስና ተቀብሎ ደብሩን እንዲያገለግል ይሻሉ። ዲያቆን ደግሞ በሥርዓቱ ሳያገባ አይቀስስም።

«በዓለም አደባባይ ጭኗን ገልጣ የምትዘል ልጅ የካህን ሚስት ልትባል?» አሉት፣ ነገሩን በነገራቸው ቀን።

«አባቴ፣ ዳዊትም በታቦተ ጽዮን ፊት ዘሏል። ሚስቱ ሜልኮል ናቀችው፤ የተነቀፈችው ግን የናቀችው ናት።»

«ዳዊት ለታቦቱ ነው የዘለለው። ይህች ለማን ትዘላለች?»

ዘካሪያስ መልስ ነበረው፤ በአውድማው ዳር ከእርሷ የሰማው የሰማዩ መልስ። ነገር ግን በአባት ፊት ሁለት ጊዜ መመለስ ነውር ነውና ዋጠው። መሪጌታ በመጨረሻ እያጉረመረሙ ፈቀዱ። «ሽማግሌ ላክ። እስከ ደመራ ካልሰመረልህ ግን የአንድ የላስታ ቄስ ልጅ አለች፤ ያን ጊዜ እንቢታ አልሰማም» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

በሐምሌ መጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። በአገሩ ሥርዓት ልጅ የሚለምን ሽማግሌ ደጅ ደርሶ ቆሞ ይለምናል እንጂ አይቀመጥም። የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ያለ እንደሆነ ነገሩ ሰመረ፤ ካላለ እንደ ቆሙ ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባትም የለም፤ ልጁን ያቀለለ ይመስለዋል። ሽማግሌዎቹን የመሩት አቶ ታረቀኝ ነበሩ። አንደበታቸው ማር ነው፤ ጉልበታቸው ግን የበሰበሰ ገመድ ነው። አቶ አላምረው እንደ ደንቡ በፀሐይ ሲያቆዩአቸው፣ የአቶ ታረቀኝ ጉልበት ከዳቸውና ከደጁ ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ።

«ለእኔ ልጅ ሲሆን ተቀምጦም ይለመናል?» አሉ አቶ አላምረው፣ ደማቸው ፈልቶ። «በሉ ሂዱ! ለመሪጌታው ንገሩት። የቆላ ልጅ ናት ብሎ ከናቃት፣ እኛም ቆሞ ላልለመናት ቤት አንሰጣትም።»

አቶ ታረቀኝ አፈሩ። ለዘካሪያስ የነገሩት «ለጊዜው አልተቀበሉንም» ብለው ብቻ ነው። እርሱም የሁሉ አባት የመጀመሪያ ቀን እንቢታ መሰለውና ፈገግ አለ። የምሥራች ይዤ እስክደውልላት ብሎ ለአስካለም ሳይነግራት፣ ስልኩን ዘግቶ ከቤቱ አኑሮ፣ ለፍልሰታ ሱባኤ ገባ። ስለ እርሷ ሊጸልይ ገብቶ ከእርሷ ተለየ። የስሙ ባለቤት ካህኑ ዘካርያስ በመቅደስ ሳለ አንደበቱ እንደ ተዘጋ፣ የእርሱም አንደበት መናገር በሚገባው ቀን ተዘጋ።

ጾሙ ተፈትቶ ስልኩን ሲከፍት ቀድታ የላከችለት ድምፅዋ ይጠብቀው ነበር።

«ዘካሪያስ፣ ሽማግሌዎችህ ተቀምጠው ለመኑ አሉኝ። አባቴ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እዚህ በየቀኑ ወድቄ እነሣለሁ፤ አንተ ለእኔ የሚቆም ሰው ከአገሩ ሁሉ አጣህ? አባትህ ናቸው ያዘዟቸው? ካንተ አፍ ልስማው። ዛሬ መልስልኝ፤ ዛሬ።»

ያ «ዛሬ» ካለፈ ሰንብቶ ነበር። ደወለ፤ አላነሣችም። ጻፈ፤ አልከፈተችውም። መውጫ እንዳጣ የዕጣን ጢስ፣ ያልመለሳት መልስ በደረቱ ውስጥ ሲጤስ ከረመ።

«ያቻትና! አስካለ!» አለ ሙህሲን፣ የሻይ ሰሐኑን እንደ ያዘ።

በቴሌቪዥኑ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የለበሰች ሎጋ ልጅ ብቅ አለች። እጇን አራገፈች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ወደ ሰማይ ቀና አለች። ዘካሪያስ ያን አንገት ያውቀዋል። ልክ መንደርደር ስትጀምር ግን ሥዕሉ ተለወጠና ሯጮች ወገባቸውን ሲያፍታቱ ታየ።

«ምን ሆኗል ይኼ ካሜራ የያዘው ሰው! ልጃችንን መልስልን!»

«እረፍ አቦ፤ ሩጫው ሊጀመር ነው።»

«ሩጫ ዘንድሮም አለ፣ ለከርሞም አለ! የራያ ልጅ በዓለም ፊት ስትዘል መቼ አይተህ ታውቃለህ?»

አቶ አላምረው በዱላቸው መሬቱን መቱ። ተከራካሪዎቹ ዐይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሥዕሉ ተመለሰ። አግዳሚው ዘንግ አንድ ሜትር ከዘጠና ሦስት ላይ ተሰቅሏል። አስካለ ተንደረደረች፤ ጎበጥ ብላ ዞረች፤ ጀርባዋን ለዘንጉ ሰጠች። ለአንዲት ቅጽበት ከምድርም ከሰማይም ያልሆነች መሰለች፤ ከዚያ ፍራሹ ላይ ወረደች። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አቶ አላምረው ከመቀመጫቸው ተፈናጥረው ተነሡና አጠገባቸው ያገኙትን ሰው ለማቀፍ ክንዳቸውን ዘርግተው ዞሩ። በመደዳው ጫፍ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ አጠገባቸው የቆመው ዘካሪያስ ነበር። እርሱም ሳያስብ እጁን ዘረጋ። ማን መሆኑን ሲያዩ ግን ክንዳቸው በአየር ላይ ቀረ፤ ቀስ ብሎም ወደ ጎናቸው ወረደ።

«ወንበር አጣህ?» አሉት በደረቅ ድምፅ።

«አላጣሁም አባባ። ሽማግሌዎቼ በተቀመጡት ፈንታ እኔ ልቁም ብዬ ነው።»

«ኋላ ነው የነቃኸው።»

«አዎን፤ ኋላ ነው።»

«ጉልበትህ ሲዝል ትቀመጣታለህ።»

«ማሕሌት ቆሞ ማደር የለመደ ጉልበት ነው። በእርስዎ ደጅ አይሰንፍም።»

ከሰው ኋላ ማዕዘን ይዘው የተቀመጡት አቶ ታረቀኝ ድምፃቸውን አሰሙ። «አያ አላምረው፣ ስለ ወላዲተ አምላክ! ጥፋቱ የዚህ ርጉም ጉልበቴ ነው። መሪጌታም አላዘዙኝ፣ ልጁም አያውቅ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረ።»

«አንደበትህ ይኼን ሁሉ ሲችል፣ ያን ዕለት ‹ጉልበቴ ነው› ማለት ለምን አቃተው?» አሉ አቶ አላምረው። «ዝም በል ታረቀኝ። አሁን ልጄን ልይበት።»

ዘካሪያስ ይህን ሲሰማ ተናደደ። የተነገረው እውነት ነው፤ በስድስት ሰባት ሳምንት የዘገየ እውነት ግን የማንን ልብ ያሞቃል?

ዘንጉ ወደ አንድ ሜትር ከዘጠና ሰባት ወጣ። እያንዳንዷ ዘላይ ሦስት ሙከራ አላት፤ በሦስቱም ከጣለችው አበቃ። አስካለ መጣች። ራሷ አለፈ፤ ወገቧ አለፈ፤ ጉልበቷ አለፈ። በመጨረሻ ተረከዟ ዘንጉን ዳሰሰው። ዘንጉ የሚወድቅ አይመስልም ነበር፤ ሲያመነታ፣ ሲያመነታ ቆየና ወደቀ።

ዘካሪያስ ዐይኑን ጨፈነ። መላ አካል አልፎ በአንዲት ተረከዝ! የእርሱም ነገር እንዲሁ አልነበረምን? ፍቅሩ ደህና፣ ሥርዓቱ ደህና፣ የአባቱ እንቢታ እንኳ ታልፎ፣ በአንድ ሽማግሌ ጉልበት ወደቀ።

በሁለተኛው ሙከራ ዘንጉን በጀርባዋ ይዛው ወረደች። ከፍራሹ ተነሥታ ስትመለስ ካሜራው ፊቷን አቀረበው። ላብ በጉንጯ ይወርዳል፤ ዐይኗ ቀጥ ብሎ ወደዚያው ካሜራ አየ። ዘካሪያስ እርሱን ያየችው መሰለው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የተናገረችውን ግን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። «ቆሜአለሁ» ሊላት ወደደ። በሻይ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ለቴሌቪዥን እንዴት ይነገራል?

ለሦስተኛው ስትዘጋጅ ሥዕሉ ተለወጠ። የሴቶቹ አምስት ሺህ ሜትር ተጀመረ።

«አይ! አይሆንም!» አለ ዘካሪያስ ጮክ ብሎ።

ማንም አልሰማውም። ሰዉ ሁሉ ሩጫው ውስጥ ገብቷል፤ የአገር ልጆች ፊት ፊት ይመራሉና። ስታዲየሙ አንድ ጊዜ በጭብጨባ ሲያስተጋባ ዘካሪያስ ደነገጠ። ለእርሷ ነውን? አልፋለች? ወይስ ለሌላ? ያ ጭብጨባ ትርጓሜ እንደ ጠፋበት ራእይ ሆኖበት ቀረ። ሩጫው አለቀ፤ ሜዳልያ ተገኘ፤ ሰዉ ተቃቀፈ። ከዚያ በኋላ ነው የከፍታ ዝላዩ ውጤት በሰሌዳ የወጣው። ከአስካለ ስም ጎን፣ በመጨረሻው ከፍታ ሥር፣ ሦስት ጋደል ያሉ መስቀሎች ተደርድረዋል።

አቶ ታረቀኝ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና ከነጉልበታቸው ሕመም ተፈናጠሩ። «እሰይ! ሦስት መስቀል! በሥላሴ ቁጥር! እልል በሉ እንጂ! ፈረንጅም መስቀል መድረሱን ሰምቷል!»

እልልታው ቀለጠ። አቶ አላምረው እንኳ በፈገግታ ጥርሳቸው ታየ፤ ዘካሪያስ ያን ፈገግታ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። የአስካለ ሳቅ ከዚያ ነው የተቀዳ። ያን ፈገግታ መስበር ለእርሱ ወደቀ፤ በቤቱ ውስጥ የዝላይን ሕግ ጠንቅቆ የተማረ፣ ለእርሷ ፍቅር ሲል የተማረ፣ እርሱ ብቻ ነበረና።

«አባባ ታረቀኝ...» አለ፣ ወደ ሰሌዳው እያመለከተ። «ያ መስቀል የመውደቅ ምልክት ነው።»

እልልታው እንደ ክር ተበጠሰ።

«ሦስቱም?» አሉ አቶ አላምረው።

«ሦስቱም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ስትወድቅ እንኳ አላሳዩኝም» አሉ። «ልጄ ስትወድቅ አጠገቧ መሆን ባልችል፣ በዐይኔ እንኳ እንዳላነሣት ከለከሉኝ።»

በዚያች ሰዓት ዘካሪያስ አዛውንቱን ከምንጊዜውም ይልቅ ወደዳቸው።

ሰዉ ተበተነ። ወደ ሮቢት የሚሄደው መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ጠራ፤ አቶ አላምረው አልተነሡም። አቶ ታረቀኝ በማዕዘናቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ዘካሪያስ ቆሟል። ሙህሲን ብርጭቆ እየሰበሰበ በመካከላቸው ሲመላለስ የአቶ አላምረው ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ገዝታ የላከችላቸው ስልክ ነው፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ስለማያውቁበት ሁልጊዜ ለሠፈር ይሰማል።

«አባባ፣ ወደቅሁ» አለ የአስካለ ድምፅ። «ሌላው አካሌ ሁሉ አልፎ ነበር።»

«ማነው ወደቅሽ ያለው? ላንቺ የሚመጥን ዘንግ ገና አልጠረቡም!» አሉ፤ ጺማቸው ግን ረጥቦ ነበር።

በእንባ ውስጥ ሳቀች። «ከማን ጋር ሆነህ አየኸኝ?»

«ሙህሲን አለ። ታረቀኝ አለ።» አቶ አላምረው በዐይናቸው ጫፍ ወደ ዘካሪያስ አዩ። «አንድ የቆመ ሰው ደግሞ አለ።»

«የቆመ ማለት?»

«ከቀትር ጀምሮ ቆሞ የዋለ። ወንበር ቢያቀርቡለት እንቢ አለ። ስሙን ከእኔ አፍ አትሰሚም፤ ታውቂዋለሽ።»

ከወዲያ ማዶ የብዙ ሰው ሁካታ ብቻ ተሰማ። ዘካሪያስ ሱባኤ ነበርሁ ሊል፣ አላወቅሁም ሊል ፈለገ፤ በአባትና በልጅ ጨዋታ መካከል ግን እንዴት ይገባል?

«ታረቀኝ ጥፋቱ የጉልበቴ ነው ይላል» አሉ አቶ አላምረው፤ ቂመኛ እንጂ ውሸታም አልነበሩም። «መሪጌታውም አላዘዘ፣ ልጁም አላወቀ አሉ። እኔ እንጃ። ነገሩ ያንቺ ነው። ተቀመጥ ልበለው?»

ሙህሲን ብርጭቆዎቹን ይዞ ባለበት ደረቀ። አቶ ታረቀኝ አማተቡ።

«አትበለው፣ አባባ።»

ዘካሪያስ ጣሪያው የተናደበት መሰለው። በየቅዳሴው «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ብሎ የተቀመጠውን ሁሉ የሚያስነሣ አንደበት ነበረው፤ እርሱን የሚያስቀምጥ አንድ ቃል ግን ከምድር ላይ አጣ።

«እኔ ዛሬ የወደቅሁት ተቻኩዬ ነው» አለች አስካለ። ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም። «ዘንጉ ሥር በወጉ ሳልደርስ ተነሣሁ። እርሱን ተቻኩዬ አላስቀምጠውም። መልስልኝ ብዬ ስለምነው ዝም ያለኝ ሰው፣ አንድ ቀን ቢቆም አይበዛበትም። እኔ መጥቼ፣ ዐይኑን አይቼ፣ በገዛ አፌ ተቀመጥ እስክለው ይቁም። ከቻለ።»

«መቼ ትመጫለሽ?»

«ከመስቀል በኋላ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ከመስቀል በኋላ! የመሪጌታ ቀጠሮ እስከ ደመራ ነው። ዛሬውኑ ማታ በአባቱ ፊት፣ ያን ጊዜ የዋጠውን መልስ ተፍቶ መቆም ሊኖርበት ነው፤ ያውም ትመጣለች እንጂ እሺ ትላለች ብሎ ሊምል ሳይችል።

«ሰማህ?» አሉት አቶ አላምረው።

«ሰማሁ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ተነሡ። ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ተራምደው ቆሙ፤ ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ዱላቸውን ወደ ኋላ ዘረጉለት። «እንካ። ተደገፍበት። እንዳትቀመጥበት ብቻ።»

ዘካሪያስ ዱላውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከእጃቸው ሙቀት ገና አልበረደም ነበር።

«አብሽር ዲያቆኔ» አለ ሙህሲን በለሆሳስ፤ ያን ከቀትር ጀምሮ ሲገፋለት የዋለውን ወንበር ብድግ አድርጎ፣ እንዳያየው ወደ ጓዳ አስገባው።

ዘካሪያስ በባዶው ሻይ ቤት መካከል ዱላውን ተደግፎ ቆመ። «ከቻለ» ያለችው ቃል እንደ እሾህም እንደ ማርም ሆና ምላሱ ላይ ቀርታለች፤ ሊውጣትም ሊተፋትም አልወደደም።